ማንም ያልወደቀበት ክፍል

ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ከክፍሌ አንድም ልጅ ወድቆ አያውቅም። ድሮ ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ጥፋቴ ከየት እንደጀመረ እንዲገባችሁ ነው።

የማስተምረው ሦስተኛ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም፤ የኔ ድምፅ ደግሞ በደህና ቀን ታች ግድቡ አጠገብ እስካለው ወፍጮ ቤት ድረስ ይሰማል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ታናሽ ወንድሜ ነበር። «ናፍጣ የማትጠጣ ወፍጮ እህት አለችኝ» እያለ እህል ይዞ የመጣውን ሁሉ ያስቅብኝ ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ፊደልም ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ብቆጣው ይስቃል፣ ብመታው ይስቃል። ሚስቱ ታማ ከሞተች በኋላም ቀልዱን አልተወም፤ እኔም ቀልዱን እየሰማሁ ደህና ነው አልኩ። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ አጥቼው አይደለም። ተረቱን ለሰው ስንተርተው እንጂ በገዛ ቤታችን ሲሆን ትዝ አይለንም።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረችው፤ እኔ ክፍል ነበረች። አዳላች እንዳይሉኝ ደንብ አወጣሁ። ከትምህርት ቤቱ በር ወዲህ «ቲቸር» እና «እርስዎ»፣ ከበሩ ወዲያ «አክስቴ» እና «አንቺ»። ልጅቷ ደንቡን አንድ ቀን ስታው አታውቅም። በሩ ጋ ስንደርስ «ቲቸር፣ ደህና ይዋሉ» ትልና ሁለት እርምጃ ሄዳ «አክስቴ፣ ቦርሳሽን ልያዝልሽ?» ትለኛለች። እኔም እስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት አመጣች። ደብተሯ ላይ ድፍት ትላለች። ለወንድሜ ልጅ አላዝንም ብዬ ሁለት ጊዜ ከሰሌዳው አጠገብ አቆምኳት። ቆማም አንቀላፋች።

ባለ ጆሮዋ የመጣችው በዚሁ ሰሞን ነው። ስሙን ያወጣላት መንደሩ ነው። በሯ የተሰረጎደ ነጭ መኪና በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ከከተማው ጤና ጣቢያ ያመጣታል። የተሰበሩ ዴስኮች የሚከመሩበትን የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ሰጠናት። ራሷ ጠርጋ፣ ሁለት ወንበር አስገብታ፣ ለልጆች ባለ ቀለም እርሳስና ወረቀት በካርቶን አስቀምጣ፣ መስኮቱ ላይ ጨርቅ ሰቅላ ተቀመጠች። መርፌ የላትም፣ ኪኒን የላትም። የመጣውን ሰው ትሰማለች፣ በቃ። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ «ለመስማት ደሞዝ ይከፈላታል? የኔ አማት ሳይጠሯት ስትሰማ ኖራ ሰባራ ሳንቲም አላገኘችም» ብለው ሰፈሩን በሳቅ ፈጁት።

ለኛ ለመምህራኑ ስብሰባ ጠርታ ነበር። «ልጆች ሐዘናቸውን እንደ ትልቅ ሰው አያወሩትም፤ ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ይቆጣሉ፣ ያንቀላፋሉ» አለች። ያንቀላፋሉ ስትል እኔ ጭኔ ላይ ደብተር እያረምኩ ነበር። ሰምቻታለሁ። ቀና ግን አላልኩም።

ወደ ዕቃ ቤቱ የሚገባ ሰው ጥቂት ነበር። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገብታ ገና ሳትወጣ «ነካ ያደርጋታል እንዴ?» ተባለላት። በኛ መንደር እጅህ ቢሰበር ጎረቤት ሁሉ ይሸከምሃል፤ ልብህ ቢሰበር ግን ለራስህ ትሸከመዋለህ፣ ያውም ደብቀህ።

በሦስተኛው ሐሙስ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሃያ ጥያቄ ነው። ሆድህን ያምሃል? በእንቅልፍ ልብሽ ትባንኛለሽ? ማንም የማይወድሽ ይመስልሻል? ለእያንዳንዱ ሦስት ሳጥን አለው፤ በፍጹም፣ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ። ከታች ደግሞ «ሌላ የሚያሳስብ ነገር ካለ እዚህ ጻፉ» የሚል ባዶ ቦታ።

«አደራ፣ ልጆቹ ብቻቸውን ይሙሉት» አለችን። «ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለውም።»

ትክክልና ስህተት የሌለው ጥያቄ! እንዲህ ያለ ጉድ ሰምቼም አላውቅ። ርዕሰ መምህራችንም የሰማ አልመሰለኝም፤ እሷ እስክትወጣ ጠብቆ ጠጋ አለኝ። «ወረቀቱ በላይ ቢሮ ይደመራል አሉ። ያነሰ ነጥብ ያመጣ ነው ጥሩ የሚባለው። መቼም እርስዎ አያሳፍሩኝም።»

«አሳፍሬዎት አውቃለሁ?» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ለውጤት ብቻ ብዬም አይደለም። ነጥቡ ከፍ ያለ ልጅ ስሙ ይመዘገባል ሲሉ ሰማሁ። ስም ሲወጣ ደግሞ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ «ልቡ ልክ አይደለም» የተባለ ልጅ ሲያገባም፣ ሲወልድም፣ ሲያረጅም ያው ነው። ልጆቼን አስመዝግቤ ላስበላ? ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ለፈተናው አዘጋጀኋቸው።

ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከሒሳብ በፊት።

«ሆዳችሁን ያማችኋል?»

«በፍጹም!» ሠላሳ ሁለት ልጅ በአንድ ድምፅ።

«ትፈራላችሁ?»

«በፍጹም!»

ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እባብስ?»

«እባብ አልተጠየቀም» አልኩት።

የመሙያው ቀን ላጲስ ይዤ በዴስኮቹ መሀል ተመላለስኩ። አንዱ ሆዴን ያመኛል የሚለው ላይ «አንዳንዴ» ብሎ ነበር፤ አየት አደረግኩት፣ አጠፋው። የወንድሜ ልጅ ጋ ስደርስ ሳጥኖቹ ሁሉ እንዳስጠናኋት ናቸው። ከታች ግን፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል ሦስት መስመር ጽፋለች።

«አባቴ ጠዋት ጠዋት ጨለማው ሳይለቅ ግድቡ ጫፍ ሄዶ ይቀመጣል። ውሃውን ያያል። ብቻውን እንዳይሆን ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ለዚህ ነው እንቅልፍ የሚመጣብኝ።»

ክው አልኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ወንድሜ ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልነበረም። የመጀመሪያ ሐሳቤ ይህን ማን ማን ያነበዋል የሚል ነበር። ቢሮው ያነበዋል፣ ርዕሰ መምህሩ ያነበዋል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይደርሳል።

ጎንበስ ብዬ «ይህ ስህተት ነው» አልኳት በሹክሹክታ። «የተጠየቅሽው ስለ ራስሽ ነው። የቤት ገመና እዚህ አይጻፍም። ትክክለኛው መልስ ‹ምንም የለም› ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አክስቷን ይፈልግ ነበር። እኛ ግን ከበሩ ወዲህ ነበርን። በገዛ እጄ አጠፋሁትና የላጲሱን ብናኝ እፍ አልኩት።

«እሺ፣ ቲቸር» አለች፤ «ምንም የለም» ብላም ጻፈች።

ውጤቱ በወሩ መጣ። ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ ሠላሳ ሁለት ዜሮ። ከበላይ ቢሮ የተጻፈውን ደብዳቤ ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ሰልፍ ላይ አነበበው፤ የልጆቻችን የአእምሮ ደኅንነት እጅግ አጥጋቢ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። አጨበጨብን። የወንድሜ ልጅም አጨበጨበች። ደብዳቤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በቀጣዩ ሐሙስ ነጩ መኪና አልመጣም፤ ባለ ጆሮዋ ሐሙስ ሐሙስ ችግር ወዳለበት ሌላ መንደር እንድትሄድ ተደርጓል ተባለ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ዴስኮቹን መልሰን ከመርንባቸው።

ልጅቷ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቷን ተወች። ዓይኗን አፍጥጣ ትከታተላለች፣ እጇን ታወጣለች። ሥርዓት ያዘችልኝ አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ወንድሜን ላናግረው ወረቀቱን በሞሉበት ቀን ልሄድ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ከወር በላይ አለፈ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ቁልቁል ወረድኩ። ሞተሩን አቁሞ ወፍጮውን የሚያዞረውን ቺንጋ እያጠበቀ ነበር። ቅንድቡም ሽፋሽፍቱም በዱቄት ነጭቶ ከኔ በላይ ያረጀ መሰለ።

«ጠዋት ጠዋት ግድቡ ላይ ምን ትሠራለህ?» አልኩት፣ ሳልቀመጥ።

እጁን ከቺንጋው አላነሳም። «ዓሣ እቆጥራለሁ።»

«ቀልድህን ተው አንተ!»

«ስንት እንደሆኑ እንኳ አልጠየቅሽኝም» አለ።

ሳቅኩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ሰው እንዳያይህ፣ ብርድ እንዳይመታህ፣ ባለ ልጅ ነህ፣ ጠንከር በል፤ እህት ነኝ ባይ የምትለውን ሁሉ አልኩት። እሱም «እሺ፣ እሺ» አለኝ። ልወጣ ስል ነው የጠየቀኝ።

«እታለም፣ ያቺ ባለ ጆሮዋ ቀኗ መቼ ነበር?»

«ለምን ፈለግሃት?»

«እንዲያው። ሐሙስ ሐሙስ መኪናዋን አያት ነበር፣ ጠፋችብኝ።»

«ቀርታለች። እናንተ ጋ ችግር የለም ተባልን። የኔ ክፍል ዜሮ ነው ያመጣው፣ ከሁሉም በላጭ!»

መዳፎቹን አጨብጭቦ ዱቄቱን አራገፈ። «አንቺ ያስተማርሽው ይወድቃል እንዴ?» አለና ሞተሩን አስነሳ። ሞተር ከተነሳ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ንግግር የለም። እጄን አውለብልቤለት ወጣሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ከብት ሊያጠጣ የወረደ ሰው ግድቡ ውስጥ አገኘው።

ድንጋዩ ያንሸራትታል አሉ። ቀባሪው ሁሉ ያንሸራትታል አለ፤ እኔም ለመጣው ሁሉ ያንሸራትታል፣ ያንሸራትታል እያልኩ መለስኩ። ልጅቷ ጥግ ይዛ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ስታይ ዋለች። አላለቀሰችም። በማግስቱ ልብሷንና ደብተሯን ይዤ ወደ ቤቴ ወሰድኳት።

አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ንጋት ላይ ስነቃ አልጋዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ፊቴን ታያለች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ብቻዎን እንዳይሆኑ ነው፣ ቲቸር።»

ቤት ውስጥ ነን። ትምህርት ቤቱ እዚያ ማዶ ነው። «አክስቴ በይኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። አላለችኝም። እግሯን እያወዛወዘች ቆየችና ጠየቀችኝ።

«ይህም ስህተት ነው?»

«ምኑ?»

«አጠገብ መቀመጥ። ያኔ ወረቀቱ ላይ ስህተት ነው ስላሉኝ ተውኩት። አባዬን ‹ከነገ ጀምሮ አልመጣም፤ ወረቀቱ ላይ ብጽፈው ቲቸር ስህተት ነው ብለዋል› አልኩት። ‹እሳቸው ካሉ ልክ ናቸው፣ አንቺ ተኚ› አለኝ።» ቀጥላም፣ «ከዚያ በኋላ ደህና ተኛሁ» አለች።

ክፍል ውስጥ አፍጥጦ ሲከታተለኝ የነበረው ያ ዓይን፣ ሥርዓት ያዘችልኝ ብዬ የተደሰትኩበት፣ እንቅልፍ የጠገበ ዓይን ነበር። ልጅቷ ወንድሜን ብቻውን ትታ እንድትተኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሱም ያውቅ ነበር። ያን ቀን ወፍጮ ቤት አጠገቡ ቆሜ ዜሮ ዜሮ ስለው፣ የልጁን ወረቀት እንዳየሁት ያውቅ ነበር። በክፉ አልተናገረኝም። ቀልዶ ሸኘኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ልጅቷን ጎረቤት አስቀምጬ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከተማ ገባሁ። ባለ ጆሮዋ የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ ጠይቄ ደረስኩ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ዘወር ብለው ተቀምጠዋል፣ በካርቶን ውስጥ ያው ባለ ቀለም እርሳስ። ወንበር ሳልይዝ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነስታ ከመደርደሪያ አንድ ፋይል አወረደች፣ የኔን ክፍል። አገላብጣ አንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። እርሳሱ ጠፍቷል፤ ልጅቷ ተጭና የጻፈችበት ስርጉድ ምልክት ግን ወረቀቱ ላይ አለ። «ብቻውን እንዳይሆን» የሚለው ፊደል በፊደሉ ይነበባል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱም እኔም እዚያ ቆመን ነበር።

«ሠላሳ ሁለት ልጅ አንድ ዓይነት መልስ» አለች ባለ ጆሮዋ። «ድምሩን ነው የነገሩኝ፤ ወረቀቱን አውጥቼ ማየት ነበረብኝ። እኔም…»

«ጥፋቴን አይቀሙኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ኮሪደር ላይ ያሉት ሰዎች ዘወር አሉ። «ይህ የኔ ነው። እርስዎ አደራ ብለው ነበር፣ እኔ ነኝ የበላሁት።» ከዚያ ነው ያለቀስኩት። እሷም እስክጨርስ ዝም ብላ ተቀመጠች። ለዚህ ነው ለካ ደሞዝ የሚከፈላት።

ልጅቷን ልክ ነበርሽ፣ አጠገቡ መቀመጥሽ ልክ ነበር ብዬ ልንገራት አልኳት። ባለ ጆሮዋ አይሆንም ስትል ራሷን ነቀነቀች።

«ይህን ብቻ ካሏት፣ ‹ታዲያ በመተዌ ሞተ› ትላለች። የጻፈችው እውነት እንደነበር ይንገሯት። አባቷን መጠበቅ ግን የልጅ ሥራ እንዳልነበረም ይንገሯት። አንዴ አይበቃም። እስክታምን ድረስ፣ መቶ ጊዜም ቢሆን።»

አሁን ነጩ መኪና እንደገና ይመጣል፣ ያውም በየሳምንቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ ምን ይደረጋል። ደብዳቤውን ከሰሌዳው የገነጠልኩት እኔ ነኝ፤ ርዕሰ መምህሩም ቆሞ አየኝ። ዴስኮቹን ከዕቃ ቤቱ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ልጆቼ ፊት ቆሜም፣ ያ ወረቀት ፈተና እንዳልነበረ፣ ያስጠናኋቸው መልስ ሁሉ የኔ ስህተት እንደነበር ነገርኳቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ብዬ አላውቅም። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እባብ መፍራት ይቻላል?»

«ይቻላል» አልኩት። «የሚፈራ ሁሉ እጁን ያውጣ።» አንድ በአንድ አወጡ። እኔም አወጣሁ። ከወንድሜ ልጅ በስተቀር ያላወጣ አልነበረም።

ሐሙስ ሐሙስ ባለ ጆሮዋ ጋ ትገባለች። ምን እንደሚነጋገሩ አልጠይቅም። አንዳንዴ ሥዕል ይዛ ትወጣለች፤ ግድብ ነው፣ ሁልጊዜ ግድብ ነው፣ ጫፉ ላይ ማንም የለም። እኔ ከዕቃ ቤቱ ራቅ ብዬ እጠብቃትና አብረን ወደ ቤት እንሄዳለን። በሩ ጋ ስንደርስ ቀስ እላለሁ። ሁለት እርምጃ እቆጥራለሁ። ቦርሳዬንም እንድትይዝልኝ ወደ እሷ ባለው እጄ እይዘዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስም እንዲሁ አደረግኩ። በሩን ተሻገርን፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት፣ አራት። ቆምኩና መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፣ ዓይኗን እንዳገኘው።

«ያን ቀን የጻፍሽው እውነት ነበር» አልኳት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አባትሽን መጠበቅ ደግሞ ያንቺ ሥራ አልነበረም። የትልቅ ሰው ሥራ ነበር፣ የኔ ሥራ ነበር። ሰማሽኝ፣ የኔ ልጅ?»

በደንብ ሰማችኝ። እርማት እንደሚቀበል ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀች።

«እሺ፣ ቲቸር» አለች።